አንዴ ከሳብኩት

«አንዴ ከሳብኩት፣ ደኅና ነኝ ማለት ነው።
ሁለቴ ከሳብኩት፣ ገመድ ጨምሪ ነው።
ሦስቴ ከሳብኩ ግን ምንም አትጠይቂ፤
እጅሽ ቢላጥ እንኳ ጎትቺ፣ አትልቀቂ።»

ጎህ አልቀደደም። አሞራ ገደል ዳር
አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው ነበር፣
ኮት እንደ ደረበ ቀብር አስፈጻሚ፣
ለዓሣ ሆድ ዕቃ በዝምታ ተሻሚ።
ባሻ ላታሞ ግን፣ በሰባ ዓመታቸው፣
የጎማውን ልብስ ስበው በቆዳቸው፣
የተቀደደ ክርኑን በብስክሌት ላስቲክ ለጥፈው፣
መነጽሩ ጉም እንዳይዝ ምራቅ እንትፍ ብለው፣
ጀርባ ለሐይቁ ሰጥተው ቁልቁል ተገለበጡ፤
አረፋ ላኩልኝ፤ ራሳቸው አልወጡ።

ሥራቸው ዓሣ ማጥመድ እንዳይመስላችሁ፤
ወጥመዱን ነው የሚያጠምዱት፣ የተዋችሁትን ረስታችሁ፦
የናይለን መረብ፣ ማዕበል የበጠሰው፣
ሌባ ቆርጦት ሲሮጥ ከእጁ ያመለጠው፣
ባለቤቱ ሞቶ ማንም ያላወጣው።
እሱ ግን አይሞትም። ከታች ሆኖ ያድናል፤
ለማንም ሳይሸጥ፣ ሌትና ቀን ይገድላል።

«ባሻ፣ ሻርክ አለ ወይ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ?»
ይላቸዋል አንዱ ልጅ ኦቾሎኒውን ሲሸጥ።
«አንድ አለ» ይሉታል፣ ደረታቸውን ነክተው፤
«ከምጽዋ ተሸክሜ ያመጣሁት ነው።»
ልጁ ይስቅና ይሄዳል። እኔ ታሪኩን አውቃለሁ፤
ሞተር የጠፋ ቀን፣ ጀልባ ላይ ሰምቻለሁ፦

«የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበርኩ ያኔ፤ መልሕቅ
ላስለቅቅ ወረድኩ፣ ዳህላክ ማዶ፣ ከጥልቅ።
ከላይ አንድ ነገር ዝግ ብሎ ወረደ።
ዶልፊን መሰለኝ። ሲቀርብ ግን ልቤ ራደ፤
ሻርክ ነበር። ክንፍ የለው፤ ጀርባው ላይ፣ ጎኑ ላይ፣
ቢላ ያለፈበት ነጭ ቁስል ብቻ የሚታይ።
ክንፉን ለገበያ፣ እሱን ለባሕር ሰጥተው ሄደዋል፤
እሱ ደግሞ ካልዋኘ መተንፈስ አይችልም፤ ይታፈናል።
ያ አውሬ፣ ከልጅነት ሲያስፈራሩኝ የኖሩት፣
አሸዋው ላይ ተኝቶ አየኝ፤ አየሁት።
ቢላዋ ነበረኝ፣ የአየር ጋን ነበረኝ፤
ለእሱ የሚሆን ግን አንዳች አልነበረኝ።
ጋኔ እስኪጎድል ድረስ አጠገቡ ቆየሁ።
ስወጣ ለአዛዡ ‹መልሕቁ ተፈታ› አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?»

ባለፈው ሐሙስ ነው። ጉልበታቸው እምቢ አለ።
መነጽሩን ሰጡኝ። ልቤ ተንጠለጠለ።
ሦስት ወር ተለማምጃለሁ ታቦር ሥር፣ ከዳር፤
ጥልቁ ግን ያን ቀን ገና የመጀመሪያዬ ነበር።

ወረድኩ። አረንጓዴ። ከዚያ የጭቃ ቀለም፤
ከክንዴ ርዝማኔ መብራቴ አያልፍም።
መረቡ ቀድሞ ነካኝ፣ እኔ ሳልነካው፤
የቆሮሶ አጽም፣ እንደ ታጠበ ልብስ የተሰጣው፣
አንድ አምባዛም ነበር፣ ጢሙን የሚያርገበግብ፣ ገና ነፍስ ያለው።
ቢላዬን አወጣሁ። ስቆርጥ፣ ስቆርጥ
ተንሳፋፊው መጣ መዳፌ ውስጥ፦
ሰማያዊ ነጠላ ጫማ፣ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ፣
በጋለ ሚስማር የተበሳ፣ ዳሩ የቀለጠ።

አውቀዋለሁ። እኔው ነኝ የበሳሁት፤
አባቴ ሲቋጥር፣ ሚስማሩን በኩራዝ ያጋልኩት።
ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በዚያ መረብ ነው
ደብተሬ የተገዛው፣ ዩኒፎርሜ የተሰፋው።
የጠፋ ለት አባቴ እራት አልበላም፤
«ሰረቁኝ» ብሎ ማለ። ማንም አልሰረቀውም።
ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሠራ ኖሯል ለእኛ፣
ደመወዝ የሌለው ሌሊት አዳሪ ሠራተኛ።

«ደኅና ነሽ?» አለኝ ገመዱ፣ ተሳበ ከላይ።
በሦስት ቃል ቋንቋ ይህ ይነገራል ወይ?

ቋጠሮውን፣ የአባቴን፣ የግራኝነቱን፣ ቆረጥኩት፤
አምባዛው ጢሙን ጎትቶ ሄደ። አላመሰገነም፤ አልጠበቅሁት።
ጫማውን ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩና
ገመዱን አንዴ ሳብኩ።
ትንሽ ቆየሁና፣
ደገምኩት።